የኡመር ስም የተጻፈባት ዕቃ

ከሰባት ወር በፊት የኡመር ነው ተብሎ ላቦራቶሪ የገባው ሰገራ የኡመር አልነበረም። የሚስቱ የካሚላ ነበር። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስላትም፤ ኡመር ራሱ ቢያውቅም አንድም ቀን አንስቶባት አያውቅም። ማክሰኞ ጠዋት፣ አፍንጮ በር ካለው ቤታቸው ሊወጡ ሲሉ፣ የኮቱን ቁልፎች እየቆለፈ «ዛሬም ያንኑ ነገር ይላሉ እንዴ?» አላት። ካሚላ ጫማውን እያቀበለችው «ይላሉ» አለች።

ከአፍንጮ በር ፒያሳ በታክሲ አስር ደቂቃ አይፈጅም። ኡመር ግን ከግቢያቸው እስከ ታክሲ መያዣው ያለችውን አጭር ዳገት ለመጨረስ ሦስት ጊዜ አረፈ። ሲያርፍ የደከመው እንዳይመስል ዘዴ ነበረው፤ መጀመሪያ ግንብ የሚለስኑ ሠራተኞችን ቆሞ አየ፣ ቀጥሎ ስልኩን አውጥቶ ያልተደወለለትን ጥሪ ፈለገ፣ በሦስተኛው ግን ዘዴው አለቀበትና የአጥሩን ቆርቆሮ ይዞ ዝም ብሎ ቆመ። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አርባ ዓመት ፒያሳ ወርቅ ሠርቷል። የሚሠራባት ጓዳ ከፈረሰች ወዲህ የቀሩትን ደንበኞች ትዕዛዝ ቤት እያመጣ መስኮት ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ ይሠራ ነበር፤ ከዓመት ወዲህ ግን ያም ቀርቷል። ፊቱ ሰም መስሏል። ጥፍሮቹ ተለጥጠው መሃላቸው እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። ካሚላ ኮቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ጥሬ ሩዝ ታገኛለች፤ ለምታክመው ዶክተር ነገረቻት እንጂ ለእሱ አላነሳችበትም። በዚህ ዕድሜው እንደ እርጉዝ ሴት ጥሬ ሲቆረጥም መገኘቱን የሰማ እንደሆነ በሃፍረት ይሞታል ብላ ነው። ባለፈው ጁምዓ ግን መስጊድ ውስጥ ከሱጁድ ቀና ሲል ወደቀ፤ ሰዎች ደግፈው ቤት አመጡት። ቅዳሜ ሲመረመር የደሙ መጠን ሰባት ነጥብ ሁለት ሆኖ ተገኘ። የወንድ ደም ከአስራ ሦስት ማነስ አልነበረበትም።

ታክሲው ውስጥ ካሚላ መስኮቱን እያየች ያን ጊዜ አሰበች። ያኔ ዶክተሯ ዘንድ አባቷን ይዛ የሄደችው ልጃቸው ኑሰይባ ነበረች። ስትመለስ ክዳን ያላትን ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ አባቷ ፊት ዝርዝሩን ማውራት አፍራ፣ «የሰገራ ምርመራ ታዟል፤ ጠዋት አዘጋጁልኝና እወስደዋለሁ» ብቻ አለች። ዕቃዋ ላይ በሰማያዊ ስክሪብቶ «ኡመር» ተብሎ ተጽፏል። ኡመር አንድ ጊዜ አያትና ፊቱን አዞረ። «አርባ ዓመት የሙሽራ ጣት የለካሁበት እጅ ነው። በዚህ እጄ ነጃሳ አልሰጥም፤ ለገዛ ልጄ!» አለ። ዕቃዋ ባዶዋን ሦስት ቀን መስኮት ላይ ተቀመጠች። ኑሰይባ በቀን ሦስቴ እየደወለች «እሺ አለ?» ትላለች፤ ካሚላ «ነገ» ትላለች። በአራተኛው ቀን፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ካሚላ ዕቃዋን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች፤ በራሷም ሞላቻት። የሚፈልጉት ትል ነው ብላ ነበር። ከአንድ ሰሃን የምንበላ ሰዎች ነን፣ እኔ ሆድ ውስጥ የሌለ ትል እሱ ሆድ ከየት ይመጣል አለች። ከዚህ የበለጠ አላሰበችም።

ውጤቱ የተነገረ ቀን ሦስቱም ዶክተሯ ፊት ተቀምጠው ነበር። «ደም አልተገኘበትም» አለች ዶክተሯ። ካሚላ ደንግጣ ቀና አለች። ደም? የምን ደም? ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ኑሰይባ ግን በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች፤ ኡመር «አልሐምዱሊላህ» እያለ የኮቱን እጅጌ ዓይኑ ላይ አደረገ። ኑሰይባ የመድኃኒቱን ወረቀት ለመቀበል ወደ ኋላ ቀርታ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ወጥታ ተከተለቻቸው። ኡመር ደረጃው ላይ የልጁን እጅ ያዘ፤ ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ እጇን ይዞ አያውቅም። ኬክ ቤት አስገባቸው። ሚልፎይ አዘዘ፤ ፍርፋሪው ጢሙ ላይ ቀርቶ እየሳቀ ስለ አንድ የድሮ ደንበኛው አወራ። ካሚላ ከዚያ ኬክ በኋላ እንዴት አድርጋ ትናገር? የብረት እንክብሉ ይረዳዋል ብላ ራሷን አጽናናች። ሁለት ወር ያህልም ረድቶት ነበር።

ክሊኒኩ ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ባለ አሮጌ ፎቅ ሁለተኛው ደርብ ላይ ነው። ኑሰይባ ከምትሠራበት ትምህርት ቤት አስፈቅዳ፣ ከሩቅ ኮንዶሚኒየሟ በሁለት ታክሲ መጥታ፣ ደረጃው ሥር ጠበቀቻቸው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ በኮሪደሩ ካሉት ሁሉ የደከመችው ግን እሷ ትመስል ነበር። «አባ፣ ቀስ በል፣ ማንም አላባረረን» አለችው። ላይ ሲደርሱ ወንበሮቹ ሞልተዋል። ግድግዳው ላይ የካርድ ማደሻ አራት መቶ ብር መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፏል፤ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን አንዲት ሴት ሽንኩርት ስትከትፍ ያሳያል። አንድ ልጅ እግር ተነስቶ ለኡመር ቦታ ለቀቀለት። ሰዓቱ ሄደ። በመጨረሻ የላቦራቶሪው መስኮት ተከፈተና ካላዩ የተባለው ባለሙያ አንገቱን ብቅ አድርጎ ጮኸ።

«የሰገራው ኡመር! የሰገራው ኡመር የታለ?»

ኮሪደሩ ውስጥ ሃያ ሰው አያንስም ነበር። ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ሳቀችና አፏን ያዘች። ኡመር አልተነሳም። ካሚላ አሁን ወጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ትንሽ ቆይቶ የጉልበቱን አቧራ አራገፈ፣ ተነሳ፣ ሰውን ሁሉ እያለፈ መስኮቱ ዘንድ ደረሰ። ባዶዋን ዕቃ በቀኝ እጁ ተቀብሎ ወደ ግራው አዞራት።

«ወንድሜ» አለው፣ «ኡመር ብቻ ብትለኝ እኮ እሰማ ነበር።»

ካላዩ አፈረ። «ይቅርታ አባቴ፣ ዛሬ ኡመር የሚባል ሦስት ሰው ስላለ ነው» አለ።

መጸዳጃ ቤት ሃያ አምስት ደቂቃ ቆየ። ሲወጣ እጁ እስከ ክርኑ እርጥብ ነው፤ ዕቃዋን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልሏታል። ካሚላ ብድግ ብላ ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። ኡመር ዓይኗን አላያትም። «ይሄኛውን እኔው ላድርሰው» አለና አለፋት። ካሚላ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ኑሰይባ «ምን አለ?» ብትላት «ምንም» አለቻት።

ውጤቱ ሲደርስ ኡመር ወንበሩ ላይ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። «እናንተ ግቡ፣ እኔ ልረፍ» አለ። እናትና ልጅ ገቡ። ዶክተር አክበረት ወጣት ናት፤ ስትናገር ቃላቱን አትቸኩልባቸውም። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ የዛሬውንና የዛሬ ሰባት ወሩን።

«ሰገራው ውስጥ ደም አለ» አለች። «በዓይን የሚታይ አይደለም። ትንሽ ትንሽ ነው የሚፈሰው፣ ግን ሳያቋርጥ። ሰውነታቸው ውስጥ ያለውን ብረት አሟጦ የጨረሰው እሱ ነው። እንክብል ብንሰጣቸውም ከታች የሚፈስ ከሆነ አይጠራቀምም።» ከዚያ የቆየውን ወረቀት አነሳች። «የሚገርመኝ ይሄ ነው። እርግጥ ምርመራው አንዳንዴ ይስታል፤ ደሙ በዚያ ቀን ላይፈስ ይችላል። ለዚህም ነበር ያኔ ለኑሰይባ...»

«ዶክተር፣ አሁን ምን ይደረግ?» አለች ኑሰይባ አቋርጣት።

ካሚላ ጆሮዋ ላይ የቀረው «ይስታል» የሚለው ቃል ብቻ ነበር። ምርመራው ይስታል። ዶክተሯ ራሷ ተናግራለች። ወረቀቱ ተሳስቶ ሊቀር ይችላል፤ ማንም አይጠይቃትም፤ ዝም ብትል ነገሩ እዚህ ክፍል ውስጥ ያልቅላታል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአንጀት ሥዕል አየች። እንደ ተጠመጠመ ገመድ ነው። ኡመር ሆድ ውስጥም እንደዚህ ያለ ነገር አለ፤ አርባ ዓመት አብራው ስትተኛ አስባው አታውቅም።

«ወረቀቱ አልሳተም» አለች። «ያ የእኔ ነበር።»

«የምን የአንቺ?» አለች ኑሰይባ።

«ሰገራው። እሱ እምቢ አለ። አንቺም በየሰዓቱ ትደውያለሽ። የእኔን ሰጠሁ።»

ዶክተሯ ስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እማማ፣ ለምን አልነገሩንም?» አለች በዝግታ።

«ትል የምትፈልጉ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ። ከአንድ ሰሃን ነው የምንበላው። ደም መሆኑን ሳውቅ ደግሞ... ደስ ብሏቸው ነበር። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር።»

ኑሰይባ እናቷን አላየቻትም። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ጣቶቿ እስኪነጡ ጨመቀችው። ዶክተር አክበረት ከዚያ በኋላ የተናገረችው በሙሉ ስለ ነገ ነበር። አንድ ታካሚ ስለቀረ ነገ ጠዋት በካሜራ አንጀታቸውን ማየት ይቻላል። የብረት እንክብሉን ይወስዳሉ? ሆዱን ስላደረቀው ከሁለት ሳምንት በፊት ትቶታል አለች ካሚላ፤ ለነገው ምርመራ መተዉ ይሻላል አለች ዶክተሯ። ከአሁን ጀምሮ ምግብ የለም፤ ውሃ፣ ወተት የሌለው ሻይ፣ የተጠለለ መረቅ ብቻ። ከሰዓት በኋላ ይሄን ዱቄት በአራት ሊትር ውሃ በጥብጠው ይጠጣሉ፤ አንጀታቸው እስኪጠራ ያስቀምጣቸዋል። ይደክማሉ። ብቻቸውን እንዳትተዋቸው።

በታክሲ ወደ ቤት ሲመለሱ ኑሰይባ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች፤ ካሚላ ከኋላ፣ ከማታውቃቸው ሰዎች መሃል። «ደም ተገኝቷል፤ ነገ በካሜራ ያዩሃል» አለችው ኑሰይባ፣ ሌላ አልጨመረችም። ኡመር «እሺ» አለ። ቤት ደርሰው አልጋው ላይ ጋደም ሲል ኑሰይባ እናቷን ተከትላ ማድቤት ገባች፤ በሩን ገፋ አደረገችው።

«ሰባት ወር፣ እማዬ። ሰባት ወር ሙሉ ሲነጣ እያየሽው።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው፣ እሱ እንዳይሰማ። «ገደልሽው እኮ።»

ካሚላ በፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ አራት ሊትር ለክታ ትልቁ ጆግ ውስጥ ገለበጠች፤ ዱቄቱን ጨመረች፤ በእንጨት ማንኪያ አማሰለችው። ገደልሽው የሚለውን ቃል ራሷም ለራሷ ብላው ታውቃለች፤ ከሰው አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነው። ከልጅ አፍ ሲወጣ ደግሞ መቀመጫ ያሳጣል።

ኡመር ከስምንት ሰዓት ጀምሮ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ጠጣ። «ምን ምን ይላል?» ብትለው ካሚላ፣ «ጨው የበዛበት ሎሚ» አለ፤ ፊቱን ግን አላጨማደደም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተቅማጡ ያዘው። መጸዳጃ ቤቱ የስድስት ቤተሰብ ነው፤ ግቢው ጫፍ፣ ከውጭው በር አጠገብ። ኡመር ሠላሳ ዓመት እዚህ ግቢ ሲኖር ሰው ሳይነሳ፣ ኮቱን ለብሶ ነበር ወደዚያ የሚሄደው፤ ወረፋ ላይ አንድ ሰው ካየ ተመልሶ ይገባል። ዛሬ በየአስር ደቂቃው ግቢውን ማቋረጥ ነበረበት፣ ያውም በሰኔ ዝናብ፣ በጭቃው ላይ። ኑሰይባ ጃንጥላ ይዛ በአንድ ክንዱ፣ ካሚላ በሌላው። በሦስተኛው ምልልስ የመጸዳጃ ቤቱ ጎረቤት መምህር እስጢፋኖስ በሩን ከፈተ። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ዘወትር ማክሰኞ እሱ ቤት ስለሚለማመዱ ከኋላው ጊታር የያዙ ሁለት ልጆች ይታያሉ። ምንም ሳይጠይቅ ወንበር አውጥቶ ክፍክፍ ሥር፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በየቤቱ እየዞረ አንኳኳ። «ዛሬ ይሄ ቤት የጋሽ ኡመር ነው፤ የቸኮለ ሰው ማዶ ግቢ አስፈቅጃለሁ» ሲል ይሰማል። ኡመር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን እየሰበሰበ «መምህር፣ አላህ ይስጥልኝ» አለ፤ ቀና ብሎ ግን አላየውም። መምህሩም ገብቶ በሩን ዘጋ። ልጆቹ ጊታራቸውን አልመቱም።

ወደ አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ስንተኛው እንደሆነ ባልተቆጠረ ምልልስ ላይ፣ ግቢው መሃል ጉልበቱ ከዳው። ሁለቱ ደግፈውት አልወደቀም፤ ሆዱ ግን አልጠበቀውም። ሱሪው ላይ ፈሰሰ፤ ጫማው ውስጥ ገባ። ኡመር በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነና በዝናቡ ውስጥ እንደ ሕፃን ቆመ። «ግቡ» አለ ከእጁ ሥር፣ «ትታችሁኝ ግቡ።» አልገቡም። ካሚላ ነጠላዋን አውልቃ ወገቡ ላይ አሰረችለት። ቤት አስገብተው በሞቀ ውሃ አጠቡት፤ ኑሰይባ እግሩን፣ ካሚላ ከጉልበቱ በላይ ያለውን። እግሮቹ እንዲህ ቀጥነው ኑሰይባ አይታቸው አታውቅም። ንጹሕ ቢጃማ አልብሰው ሲያስተኙት ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኑሰይባ ሱሪውን ይዛ ቧንቧው ጋ ቁጢጥ ብላ ማጠብ ጀመረች። ካሚላ ጃንጥላውን ያዘችላት። ውሃው በጣም ይቀዘቅዛል። ኑሰይባ ሳሙናውን እየደጋገመች አንዲት ቦታ ላይ ስታሽ ቆይታ፣ ቀና ሳትል «እማዬ፣ ያኔም ነግራኛለች» አለች።

«ማን?»

«ዶክተሯ። የመድኃኒቱን ወረቀት ልቀበል የቀረሁ ጊዜ። ሰገራው ነጻ ቢሆንም በካሜራ ይታይ አለችኝ። በዚህ ዕድሜ ወንድ ልጅ ብረት እንዲሁ አያንሰውም፣ ከአንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው አለችኝ። የሚላክበትን ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ።» ሱሪውን ጨመቀችው። «ደረጃው ላይ እጄን ያዘኝ። አየሽው አይደል፣ እጄን ያዘኝ እኮ። ኬክ ሲበላ ልነግረው አልቻልኩም። ነገ አልኩ። ከዚያ እንክብሉ ሻል አደረገውና ተውኩት።»

ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ይወርዳል። ካሚላ መጀመሪያ የተሰማት ነገር ዕፎይታ ነበር፤ ብቻዬን አይደለሁም የሚል፣ ሞቅ ያለ፣ አሳፋሪ ዕፎይታ። ቀጥሎ ማድቤት ውስጥ የተባለችው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። መልሳ ልትወረውርባት ትችል ነበር። የልጇን እጆች አየች፤ ከብርዱ የተነሳ ቀልተዋል።

«ተነሺ» አለቻት፣ «አምጪው፣ እኔ ልጨርሰው።»

በማግስቱ ካሜራው ያየው በቀኝ በኩል ያለው አንጀቱ ላይ የበቀለ ትልቅ እጢ ነበር። ላዩ ቆስሎ ይደማል። ዶክተር አክበረት ኮሪደር ላይ ቆማ ለሁለቱ ነገረቻቸው፤ ናሙና ተወስዷል፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ ከዚያ በፊት ግን ደም ይሰጠዋል፤ ጉበቱም መታየት አለበት። ሰባት ወር ቀድሞ ቢታይ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብላ ኑሰይባ ጠየቀቻት። ዶክተሯ «ያነሰ ይሆን ነበር» አለች።

ኡመር ከማደንዘዣው የነቃው በአምስት ሰዓት ነው። አፉ ደርቋል፤ ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ አበሱለት። «ምን አገኙ?» አለ። ኑሰይባ ፈገግ ለማለት እየሞከረች «ትንሽ ቁስል ነገር ናት፣ አባ፤ መድኃኒት...» ስትል ካሚላ ክንዷን ያዘቻት።

«እጢ ነው» አለች ካሚላ። «ትልቅ ነው። በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ጊዜ ወስዷል ብለዋል።» «ያኔ የሰጠሁት የእኔን ነበር፣ ኡመር።»

ኡመር ጣሪያውን እያየ «አውቃለሁ» አለ። «ጠዋት ስነሳ ዕቃዋ ቦታዋ ላይ አልነበረችም። ዐውቄ ነው ዝም ያልኩት። ገላገለችኝ ብዬ።»

«እኔም ተነግሮኝ ነበር፣ አባ» አለች ኑሰይባ። የቀረውን መናገር አልቻለችም፤ እሱም እንድትጨርስ አልጠየቃትም። እጁን ዘርግቶ ጭንቅላቷ ላይ ጣል አደረገው።

ጉበቱ ላይም ተገኘበት። ኡመር ከዚያ በኋላ አስራ አንድ ወር ኖረ። ጥሩ አስራ አንድ ወር ነበር ማለት አይቻልም፤ ቀዶ ሕክምናው ነበር፣ መርፌው ነበር፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከአልጋ አልወረደም። ካሚላ ግን ለቅሶ ሊደርሱ ለመጡ ሴቶች ስታወራ የምትደጋግመው ነገር አንድ ነው። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ሲከፋው አላውቅበትም ነበር ትላለች፤ በዚያ ዓመት ግን ሲርበው ራበኝ ይላል፣ ሲፈራ ፈራሁ ይላል፣ ሲያመው ደግሞ እጄን ጎትቶ ያመመው ቦታ ላይ ያደርገው ነበር።